ሰንጋ ነው የተባለው ፈረስ

እዚህ ድሬዳዋ የጋሪ ፈረስ ላብ በሸተተኝ ቁጥር መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነጠላዬን ወደ አፌ እሰበስባለሁ። እስቲ ላጫውትሽ፤ አይዞሽ፣ ነውር የለበትም፤ ቢኖርበትም ትንሽ ነው።

አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ቤታችን ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሲሆን፣ በኡኬ ዙሪያ መኪና የማይገባባቸውን አጥቢያዎች በፈረስ ይዞር ነበር። አንድ ዳማ ፈረስ ቢላ ገበያ ሲገዛ ሻጩ «የተኮላሸ ሰንጋ ነው፤ እንደ በግ የዋህ!» አለው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጠባሳ አለ፣ ሌላ ነገር የለም። አመነ።

ያ የዋህ ታዲያ ባዝራ ባየ ቁጥር እያሽካካ ይነጉድ ጀመር። አንድ ቀን አባቴን መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ እንደያዘ ሠርገኛ መሀል ይዞት ገባ፤ ሙሽሪት የተቀመጠችው ባዝራ ላይ ነበር። ሚዜዎቹ በዱላ፣ አሮጊቶቹ በእልልታ ፈንታ በኡኡታ አባረሩት። «ወንጌላዊ፣ እሱንም ይዳሩልን እንጂ!» እያሉ ጎረምሶቹ ተንከተከቱ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም። «ይሸጥ» አሉ። እኔ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሣር የሚበላው ከእጄ ነበር።

አባቴ የእንስሳት ሐኪም ጠራ። ሐኪሙ ብሽሽቱን ዳሰሰና ሳቀ።

«ኦቦ፣ ያኮላሸው ሰው የወረደችውን አንዷን ፍሬ ብቻ ነው ያወጣው። ሁለተኛዋ ሳትወርድ ውስጥ ቀርታለች። ልጅ አታስወልድም፤ ልብ ግን ታስነሳለች።»

«ብትወጣስ?»

«አደብ ይገዛል። ግን ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሊሞትብንም ይችላል።»

ሽማግሌዎቹ አሁንም ይሸጥ አሉ። አባቴ «ሰንጋ ነው ብዬ ሸጬ ማንን ላሳስት?» አላቸው።

ጤዛው ሳይረግፍ ፈረሱ በማደንዘዣ ሣሩ ላይ ተጋደመ። አባቴ ዓይኑን በጋቢው ሸፍኖለት ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። እናቴ ምን እንደሚጸልይ ብትጠይቀው «የት እንደተደበቀች ጌታ ለሐኪሙ እንዲያሳየው» አላት። ሐኪሙ በመጨረሻ አንዲት የኮሰመነች ነገር መዞ አወጣ። እናቴ ፊቷን አዙራ «ለዚች ነው ይህ ሁሉ?» አለች።

ፈረሱ ዳነ። አመሉ ቶሎ ስለማይለቀው ለጥቂት ሳምንታት ከባዝራ አርቀን አሰርነው። ከዚያ አባቴ ወደ ኡኬ ሄዶ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ሦስት ባዝራ አለፍን፤ ቀና ብሎም አላየ» አለኝ።

ኮርቻውን አውርዶ የፈረሱን አንገት ረጅም ጊዜ ዳበሰው።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አንዴም አላሽካካ፤ ዛሬ መንገዱ ረዘመብኝ።»