ስም የማይጠራበት ነፋስ

ልጅ ሳለሁ ከሁሉም ተረቶች አብልጬ የምወደው ግራ ዓይኔን ያሳጣኝን ተረት ነበር። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያኔ ካዛንቺስ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። አመሻሽ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የግቢው ልጆች ጋሽ ወርቁ በር ላይ እንሰበሰባለን። ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሹፌር ኮፍያቸውን ያላወለቁ ጎረቤታችን ነበሩ። ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ ባሠሩት ማንደጃ ላይ ከሰሉ ይፋፋማል፣ ኩራዙ መስኮቱ ላይ ይጨሳል፣ እኛ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን እንኳ ንቅንቅ አንልም።

የሚያወሩልን ስለ አውሎ ነፋስ ነበር። ከመተሐራ ወዲያ ባለው ሜዳ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ የበልጉ ዝናብ ገና ሳይጥል፣ መሬቱ በቀትር ፀሐይ ሲግል አቧራው እየተሽከረከረ ይነሳና እስከ ሰማይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዛፍ ባለበት፣ ቤት በተጠጋጋበት ብዙም አይነሳም፤ ራቁቱን የቀረ መሬት ነው የሚወደው። ይህን ሁሉ በዓይናቸው ያዩት ነበር። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«የጋኔን ሰርግ ነው። ሙሽራ የላቸውም፤ ስም እየፈለጉ ነው የሚዞሩት። ሲያልፉ የሰው ስም የጠራችሁ እንደሆነ፣ በቃ፣ ያንን ሰው ይዘውት ይሄዳሉ። አፋችሁን ያዙ!»

እዚያው አፋችንን እንይዛለን። እናቶቻችንም በየበራቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። በግቢያችን ቀን ቀን አቧራ ትንሽ ከተሽከረከረ ትልቅ ትንሹ ጸጥ ይላል፤ እስኪያልፍ ድረስ ማንም ማንንም አይጠራም።

አንድ የመጋቢት ቀን፣ ከግቢያችን ጀርባ አሮጌ ቤት ፈርሶ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ነበር። ተራው የእኔ ነበር። በአንድ እግሬ ቆሜ ቀና ስል ጓደኞቼ ወደ ግድግዳው ሸሽተው፣ ሁሉም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከኋላዬ ያለውን ነገር ያያሉ። እናቴም ከበር ወጥታ ቆማለች። ነፋሱ ከአጥሩ ላይ ቆርቆሮ ነቅሎ ሲያነሳ አይታለች። እሷም አፏን ይዛለች። እኔ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ አፋቸውን ሲይዙ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ቆርቆሮው በግራ በኩል ዞሮ ዓይኔን ያገኘኝ እየሳቅሁ ነው።

ከሆስፒታል ስመለስ ጋሽ ወርቁ ሊጠይቁኝ መጡ። ዓይኔ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቼ ሰማኋቸው። «ስሟን ባለመጥራታችሁ ነው የተረፈችው» አሉ። እናቴም፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ ልጄ አልቆላት ነበር» ብላ አመሰገነቻቸው። አመሰገነቻቸው! አንድ ጊዜ «አስቴር!» ብትለኝ ዞር ብዬ አየውና እሸሽ ነበር እኮ።

ሳድግ የበለጠ ያበገነኝ ሰውዬው አለመሳሳታቸው ነው። ቦታውን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን ልቅም አድርገው ነግረውናል። ነፋሱ የተነሳው ልክ እሳቸው ባሉት ጊዜ፣ እሳቸው ባሉት ዓይነት መሬት ላይ ነው። ያን ሁሉ ካወቁ ዘንድ «ሽሹ፣ ተጠራሩ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን እንደዚያ ቢሉ ተረቱ አያምርም ነበር።

አሁን ያ ሰፈር የለም፤ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። ባለፈው መጋቢት እናቴ የድሮ ቦታዬን አሳዩኝ ስላለች እሷንና ልጄን ሊያን ይዤ በኡራኤል በኩል ወረድኩ። ቀትር ነበር። ሊያ ስልኳን ይዛ ቪዲዮ እየቀረፀች ከፊታችን ራቅ ብላ ነበር። አቧራው ከጀርባዋ ሲሽከረከር፣ ሜዳው የታጠረበት ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እናቴን ዞር ብዬ ሳያት እጇ አፏ ላይ ነው።

«ሊያ! ሊያ! ወደዚህ ሩጪ!» ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሮጣ መጣች። ነፋሱ ፌስታል በትኖ፣ አቧራ አልብሶን አለፈ።

«ስሟን ጠራሽው እኮ» አለችኝ እናቴ እጇን ከአፏ ሳታነሳ።

«ጠራሁት። ይኸው፣ ማን ወሰዳት? አንቺም ብትጠሪኝ ኖሮ ማን ይወስደኝ ነበር?»

ጠባሳዬን አየች፤ ያን ባዶ መሬት አየች። ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ ቀስ ብላ አወረደችና፣ ሊያን ሳይሆን እኔን፣ «አስቴር» አለችኝ።

ልቤ ራራ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት የባሰ ተናደድኩ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?