ነርሷን ለማምጣት ፒያሳ ደርሼ ስመለስ

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከሆሳዕና አውቶቡስ የተሳፈርኩት አንዲት ነርስ ለማምጣት ነው። ክሊኒካችን ነርስ ካጣ ከርሟል። የበኩር ልጃችንን በወሊድ ያጣነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አሁን ደግሞ ባለቤቴ አልማዝ ሁለተኛውን ልትገላገል ሁለት ወር ቀርቷታል። የጉባኤያችን ሽማግሌዎች ሚሲዮናውያን ባልና ሚስት አዲስ አበባ መግባታቸውን ሲሰሙ እኔን መረጡ። መምህር ስለሆንኩ አፌን አምነው ይሆናል፤ እኔም አምኜው ነበር።

ቡታጅራ ለምሳ ቆምን። ክትፎው ቢያምረኝም በሽሮ አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ከተማ መግቢያው ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን የይለፍ ወረቀት አሳየን። ፈታሹ ጋቢዬ ውስጥ የጠቀለልኳትን መጽሐፍ ቅዱስ ዳሰስ አድርጎ ዝም ብሎኝ አለፈ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ፒያሳ ውይይት ተሳፈርኩ። ውይይት ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት ታክሲ ናት። ስሟ ውይይት ይሁን እንጂ እስክንወርድ ድረስ አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ፣ እሪ በከንቱ

እንግዶቹ ያረፉት ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው በዚህ ሰፈር፣ እማማ ዘነበች ቤት ነው። እማማ አራት ኪሎ ስማር ያስጠጉኝ፣ ጾም የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። ጴንጤ መሆኔን የሰሙ ሰሞን አኩርፈውኝ ነበር። አሁን ግን በደብዳቤ ብለምናቸው በሟች ልጃቸው ክፍል ሁለት ፈረንጅ አስቀምጠው ጠዋት ጠዋት ቅንጬ ያበላሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ ክፍሉ ባዶውን ሲያድር እንቅልፍ እንደነሳቸው ብቻ ነገሩኝ።

ባልየው ቶርቫልድ የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ነው። ቁመቱ ከበሩ ስለሚበልጥ በገባ በወጣ ቁጥር ግንባሩን ይገጫል፤ በሩንም ይቅርታ ይለዋል። ነርሷ ሚስቱ ናት፤ ሲስተር ኢንጋ። አማርኛን ከመዝገበ ቃላት ለቃቅማ አገሯ ሳለች ነው የጀመረችው፤ ስትናገርም ቅንጣት አትፈራም። ወደድኳት።

የቀረን የቀበሌው ጉዳይ ነው። እማማ ቤት ደባል ሆነው ካልተመዘገቡ ከከተማ የሚያስወጣ የይለፍ ወረቀት አያገኙም። ያ ከሌለ ተመልሰው አገራቸው መግባታቸው ነው፤ እኔም ባዶ እጄን ወደ አልማዝ። ስለዚህ ማታውን እንደ ተማሪ አስጠናኋቸው። ስለ ስብከት አይነሳም፤ ስለ ጤናና ስለ ውሃ ብቻ። ሊቀመንበሩ «ጌታዬ» አይባልም፤ «ጓድ» ነው።

ሐሙስ፣ ቀበሌ

እማማንም ይዘን አራታችን ቀረብን። ሊቀመንበሩ እዚያው ሰፈር ያደገ፣ ሲናገር ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነው። ከጎኑ ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ስለ ሥራቸው ጠየቀ፤ ኢንጋ አሳምራ መለሰች። «ጓድ» ስትል ልቤ ተደላደለ። ቀጥሎ ከሥራ ውጪ ባለው ሰዓት ምን እንደሚያደርጉ ጠየቃት። ስብሰባና ጸሎት እንዳለ ማውጣጣቱ ነበር።

ኢንጋ ፈገግ አለች። «ጠዋት ጠዋት እኔና ባለቤቴ በዚህ ሰፈር እርምጃ እንወስዳለን።»

 በሽብሩ ዘመን በዚያ ሰፈር እርምጃ የተወሰደበት ሰው ሬሳው መንገድ ዳር ነበር የሚገኘው፤ ቃሉን ከዚያ ወዲህ ለሌላ ነገር የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«በማን ላይ?»

«ሁለታችን ብቻ ነን» አለች ኢንጋ፤ «ማንንም አናስቸግርም።»

በእግር መንሸራሸር ማለቷ እንደሆነ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። የተማመንኩበት አፌ ያን ዕለት ከዳኝ። ከኮሚቴዎቹ አንዱ፣ አማርኛ በወጉ የማይችል ሰው እንዴት ከሰፊው ሕዝብ መሀል ይኖራል አለ። ሊቀመንበሩም ጉዳዩ ይጣራ ብሎ ወረቀታችንን ወደ ጎን ገፋው። ይጣራ ከተባለ ወራት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። አልማዝ ትዝ አለችኝ።

ይሄኔ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ ላይ እርምጃ የወሰዱት» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «አማርኛ አሳምረው ይችሉ ነበር።»

 እማማን ይዘዋቸው ይሄዳሉ ብዬ ደነገጥኩ። ሊቀመንበሩ መልሶ አቀረቀረ። ከሟቹ ጋር አብረው እንዳደጉ ኋላ ነው የሰማሁት። በመጨረሻ ወረቀቱን መልሶ ሳበና ማህተሙን መታበት።

«ይቀመጡ እማማ» አለ።

ከግቢው ስንወጣ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝ። ፒያሳ ካንድ ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶ ያዝን። የቃሉን ትርጉም ሳስረዳት ኢንጋ ፊቷ ቀላ፤ ተነሥታ የእማማን እጅ ይዛ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። እማማ አላስጨረሷትም።

«ወክ እናደርጋለን በይ፤ የፒያሳ ልጅ እንደሱ ነው የሚለው።»

ቶርቫልድ ከት ብሎ ሳቀ። መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ የከረመችበት ነገር በእንግሊዝኛ አፏ ላይ ነበር ለካ። ከዚያ አራታችንም በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወክ አደረግን፤ እማማ መሀል ገብተው የሁለቱንም ክንድ ይዘው። እንዲህ ቅልል ብሎኝ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቅዳሜ፣ ሆሳዕና

ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። የይለፍ ወረቀቱ እንዳለቀ፣ ወሩ ሳይወጣ፣ እንግዶቹ ይከተሉኛል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ አንድን ሰው ባዕድ አገር የሚያስገባው የአስተርጓሚ ምላስ ሳይሆን የሚቆምለት ሰው መሆኑን ነው።

ሁሉንም ለአልማዝ ተረኩላት። እርምጃው ላይ ስደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እማማ ያሉትን ስነግራት ሳቋን ገታች። መብራቱን ልታጠፋ ስትነሣ ነው እንደገና ያነሣችው።

«እንግዲህ ይሄኛው ልጃችን ሰው እጅ ላይ ይወለዳል» አለች።