ተያዤ ጋሼ ሸረፋ

ባለፈው ሳምንት ሜሮን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። መርካቶ ውስጥ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞርን እንጠይቃለን፤ እሷ ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። የከበዳት ነገር ሲኖር ጸጉሯን ትፈታና መልሳ ታስረዋለች። ያን ቀን ሦስቴ ፈታችው፣ ሦስቴ አሰረችው።

«እትዬ አስናቀች፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«አስቸግሪኛ። ከጠዋት ጀምሮ ያላስቸገረኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ለሁለተኛ ዲግሪ ልታመለክት ነው፤ ሶሻል ወርክ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ። የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ፈልጋለች። ደብዳቤ እንኳ አይባልም፣ በኢሜይል የሚመጣ ቅጽ ነው፤ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ» በሚሉ ሳጥኖች ላይ ምልክት እያደረጉ መውረድ ነው። እሺ አልኳት። አመስግናኝ ዞር ካለች በኋላ ተመልሳ፣ «ባልፍም እንኳ መሄዴን እንጃ። እማዬን ማን ያይልኛል?» አለችና ወጣች።

ቅጹን ከፍቼ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጬ አየሁት። «አመልካቿን እንዴት ያውቋታል?» ይላል። ይህንኑ ጥያቄ አንድ ሰው ስለ እኔ ተጠይቀው ነበር። የመለሱትን መልስ ለመረዳት አሥራ ምናምን ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ጭድ ተራ አካባቢ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። እናቴ በርበሬ ትሸጥ ስለነበር ቤታችን የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ሰላምታ ይሰጣል። አባቴ የሞተው በልጅነቴ ነው። እናቴም ጉልበቷ አንድ ቀን እሺ፣ አንድ ቀን እምቢ ማለት ጀምሮ ነበር። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ እዚሁ ዛሬም ያለሁበት ድርጅት ተቀጥሬያለሁ። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው።

ደክሞኝ ነበር። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ምን ያደክማታል የሚል ሰው፣ በሐምሌ ጭቃ ከሲኒማ ራስ እስከ እህል በረንዳ ይሂድና ይሞክረው። ከኋላ ሸክም የያዘ ሰው «ዞር በሉ!» እያለ ይገፋል፤ ከፊት ጋሪ ቆሟል፤ ጫማ በጭቃው ተውጦ ይቀራል። እንዲያ አልፌ መስኮት በሌላት ክፍል የተኙ እናት አጠገብ እቀመጥና «ልጄ ዛሬ ይመጣል?» ይሉኛል። እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ በየደጁ ያስቆሙኛል። «አስኑ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት አንብቢልኝ»፣ «አስኑ፣ እነ እንትና ተጣልተዋል፣ ገባ ብለሽ አናግሪያቸው።» እኔም እገባለሁ፣ አናግራለሁ። የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ነበርኩ፤ የሰፈሩ ሁሉ ልጅ መሆን ደግሞ እረፍት የለውም።

ሁለት ቦታ አመለከትኩ። አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከሥራ በኋላ የሚማሩት፣ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ነው። ሁለተኛው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የሚደርስበት ከተማ ነው፤ ሥራ ትቶ፣ እዚያው እያደሩ ሁለት ዓመት መማር። የሩቁ መግለጫ ወረቀት ላይ አንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ ትልቅ ዋርካ ሥር ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ የምታነብ ልጅ። ስለ ትምህርቱ የተጻፈውን እንደነገሩ ነው ያየሁት። ዋርካውን ግን አሁንም ድረስ ቅርንጫፉን ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። መርካቶ ውስጥ የሚደገፉት ነገር ወይ ጆንያ ነው ወይ ሰው ነው። ወረቀቱን ከሳጥኔ ሥር፣ ከነጠላዬ በታች ደበቅኩት። ደግሞም ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበረኝ፤ እዚያ ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም ነበር።

እናቴ ማመልከቴን ስነግራት በርበሬውን እየለቀመች ሳቀች። «ሰው መጠየቅም ማስተርስ አለው እንዴ? እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስጠይቅ ማን ወረቀት ሰጠኝ?» አለች። ስለ ሩቁ ግን አልነገርኳትም።

ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በታሸገ ፖስታ። አንዱን ከመምህሬ፣ አንዱን ከአለቃዬ አገኘሁ። ሦስተኛው «በማኅበረሰቡ ውስጥ ከሚያውቋት ሰው» ይል ነበርና ወደ ጋሼ ሸረፋ ሄድኩ። ጋሼ ሸረፋ እህል በረንዳ ጤፍ በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበርም እሳቸው ነበሩ። አባቴ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከሉት፣ እስከ ሠልስቱ ከደጃችን ያልጠፉት እሳቸው ናቸው። ጤፍ በመዳፋቸው ዘገን አድርገው፣ እፍ ብለው፣ ከየት አገር እንደመጣ ይናገራሉ። ሰውንም እንደዚያው የሚያዩ ይመስለኝ ስለነበር ፊታቸው ስቆም እፈራ ነበር።

«ስለ እኔ የሚያውቁትን ነው ጋሼ፤ ጠንካራና ደካማ ጎኔን መጻፍ ብቻ» አልኳቸው።

«ለትምህርት ቤቱ?»

«አዎ፤ አንዱ እዚሁ፣ አንዱ ሩቅ ነው።»

«እ፣ ተያዥ ፈልገው ነዋ!»

አገራችን ሥራ የሚቀጠር ሰው፣ በተለይ ንብረት የሚረከብ ከሆነ፣ ተያዥ አምጣ ይባላል። ሰውየው ቢጠፋ የሚጠየቀው ተያዡ ነው። ጋሼ ሸረፋ ለስንት ጥበቃ፣ ለስንት ሾፌር፣ ለስንት የመጋዘን ሠራተኛ ተያዥ እንደሆኑ ቁጥሩን አላህ ይወቀው። ለትምህርት ግን ተያዥ አያስፈልግም። ይህንኑ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ጭነት የሚያራግፉ ሰዎች ጠሯቸው። «ገብቶኛል ልጄ፣ ለእኔ ተዪው» ብለውኝ ሄዱ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ተውኩት።

የሩቁ ትምህርት ቤት ፈታኞች ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ሦስት ነበሩ። መነጽር ያደረጉ አንዲት መምህርት ፋይሌን ገልጠው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«እኚህ ጋሼ ሸረፋ የሚባሉት ማን ናቸው? ንግድ ፈቃዳቸውን ልከውልናል እኮ!»

ንግድ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። የቀበሌ መታወቂያቸው ፎቶኮፒ ከፊትም ከጀርባም፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የሱቃቸው ቁጥር፣ የዕድሩ ክብ ማኅተም። ደብዳቤውን ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለ የጽሕፈት አገልግሎት አስተይበውታል። መምህርቷ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ልጅ አስናቀችን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ አውቃታለሁ። አባቷ የሞተ ጊዜ ስታለቅስ አላየኋትም፤ እናቷን ስታባብል ነበር። ጠንካራ ጎኗ ይኸው ነው። ደካማ ጎኗም ይኸው ነው፤ እምቢ ማለት አታውቅም። ሄዳ ብትቀር ተያዥዋ እኔ ነኝ። በአድራሻዬ እገኛለሁ።»

«ታዲያ ያስያዙት አንቺን ነው ወይስ ራሳቸውን?» አሉ መምህርቷ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ዓይኔ ጉርድ ፎቶግራፉ ላይ አረፈ። ጋሼ ሸረፋ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ፖሊስ ጣቢያ የሚነሡት ይመስል ኮስተር ብለው ከጠረጴዛው ላይ ያዩኛል። «ሄዳ ብትቀር» የሚለውን ከየት አመጡት? ለማንም አልተናገርኩም እኮ።

ሁለቱም ተቀበሉኝ። ለመወሰን ጥቂት ቀን ነበረኝ። በመጨረሻ ለእናቴ ስለ ሩቁ ነገርኳት። ጉልበቷን ቅባት እየቀባች ነበር፤ ቀና ሳትል «እንግዲህ አንቺ እንዳልሽ» አለች። ከዚህ የከፋ መልስ የለም። ሂጂ ብትለኝ እሄድ ነበር፤ አትሂጂ ብትለኝም ተጣልቻት እሄድ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው መድረቅ ጀምሯል። ቁርጡን ላሳውቅ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሩቁን መርጫለሁ፤ ያንን የተያዥነት ነገር ይተዉት» ልላቸው እህል በረንዳ ሄድኩ። መንገድ ላይ ደጋግሜ ተለማመድኩት። ጋሼ ሸረፋ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝና ሻይ በፓስቲ አዘዙልኝ። አየሩ በጤፍ ብናኝ ነጥቷል፤ ፓስቲው ትኩስ ስለነበር ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አገላብጠዋለሁ።

«እሺ፣ ወዴት ሆነ?» አሉኝ።

ፊታቸውን ሳይ ያ ጉርድ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ። አባቴን የቀበሩ ሰው በእኔ ምክንያት ሲጠየቁ፣ በዕድሩ ፊት ሲያፍሩ ታየኝ።

«እዚሁ ነው ጋሼ። የማታውን ልማር ነው።»

ዝም አሉ። አፉ ከተከፈተው ጆንያ ጤፍ ዘግነው አዩት፣ ቀስ አድርገው መልሰው አፈሰሱት።

«የሩቁስ?»

«ይቅርብኝ ብዬ ነው።»

«ይቅርብኝ» ብለው ደገሙት። «ካልሽ ካልሽ ነው እንግዲህ። ፓስቲሽን ብዪ፣ ቀዘቀዘ።»

ዝምታቸውን የእፎይታ ዝምታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ወደ ቤት ስመለስ በጣም ተናደድኩባቸው። አሰሩኝ አልኩ። ያን ቀን ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቼ ቀደድኩትና በርበሬ መጠቅለያ ክምር ውስጥ ጣልኩት።

ሦስት ዓመት ተማርኩ። ቀኑን ሙሉ መርካቶን ዞሬ፣ ለታክሲ ተሰልፌ፣ ክፍል ስደርስ መምህሩ ቦርድ ላይ የሚጽፉት ይደበዝዝብኛል። አንድ ጊዜ ስለ ድካም የሚያወራ ትምህርት ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ክፍሉ በሙሉ ስቆብኛል። ተመረቅኩ። ወንበሬ ተቀየረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሼ ሸረፋ እግራቸው እምቢ አለና አልጋ ላይ ዋሉ። ሱቁን ልጃቸው ያዘው። እሳቸውም እኔ ከምጠይቃቸው አረጋውያን አንዱ ሆኑ። እናቴ ያኔ አርፋ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«እኔ የምልሽ፣ ያኔ ለምን ቀረሽ?»

«እርስዎ ተያዥ ሆነው ነዋ! እኔ ባልመለስ ሊጠየቁ?»

ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። ውኃ ሰጠኋቸው።

«ተምረሽም ይሄ አልገባሽ? ያዥ ሌላ ተያዥ ሌላ። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ገንዘቡን ይይዛል። ተያዥ ግን ራሱ ነው የሚያዘው። አንቺን ልይዝሽ መሰለሽ? አንቺ እንድትሄጂ እኔ ልያዝልሽ ብዬ እኮ ነው። እናትሽን ቢያማት፣ ሰፈሩ አስኑ የት ሄደች ቢል፣ እኔ ጋ ይምጡ ብዬ ነው አድራሻዬን ያስቀመጥኩት።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ መምህርት በሳቅ የጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ሂጂ አላሉኝም?»

«እምቢ ማለት የማታውቂ ልጅ! ሂጂ ብልሽ ለእኔ ብለሽ ልትሄጂ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ለራስሽ ብለሽ ስትናገሪ ልስማ ብዬ ጠበቅኩሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያው ዓመት ሞቱ።

ቆጭቶኛል። ለምን እዋሻለሁ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። በመቅረቴ እናቴን እስከ መጨረሻዋ አስታምሜያታለሁ፤ ያንን በምንም አልለውጠውም። ግን አንዱ ሌላውን አያካክሰውም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱንም ይዤ ነው ጠዋት ጠዋት መርካቶን የምዞረው። በዚህ ዕድሜዬ ከጉልበቴ ይልቅ የሚያደክመኝ ያ «ተያዥ» የሚለው አንድ ቃል ነው። ጋሼን አንድ ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ ትርጉሙን ይፈቱልኝ ነበር።

የሜሮንን ቅጽ በማግስቱ ሞላሁት። ሳጥኖቹን ሁሉ ጨረስኩና መጨረሻ ላይ «ሌላ የሚያክሉት ካለ» የሚል ባዶ ቦታ አገኘሁ። የጻፍኩትን ጽፌ ላክሁት። ከዚያ ሜሮንን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«እናትሽ ማክሰኞና ዓርብ የእኔ ናቸው» አልኳት። «የቀሩትን ቀኖች ቢሮው ይካፈላቸዋል፤ ተነጋግሬበታለሁ። መቅረት ከፈለግሽ ቅሪ፣ አልቀየምሽም። ግን በእናቴ ምክንያት ነው ብለሽ እንዳትቀሪ። ማንም ቢጠይቅሽ ተያዥ አለኝ በይ።»

ተያዥ ምን እንደሆነ እንደ ጋሼ ሸረፋ ዝም ብዬ አላለፍኩትም፤ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ጸጉሯን ፈታች፤ መልሳ አላሰረችውም።

«ሩቅ ነው እኮ እትዬ» አለችኝ በመጨረሻ። «ቀኑን ሙሉ ነው አውቶቡሱ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «እኔ በአድራሻዬ እገኛለሁ።»