ኩቭራስ ከመርከቡ ያወጣው

በደሴታችን ልጅ ሲወለድ ከአዋላጇ ቀጥሎ ደጅ የሚደርሰው ስታማቲስ ኩቭራስ ነበር። ባለመርከብ ነው፤ ግን እንደ ሌሎቹ ባለመርከቦች አቴና ቁጭ ብሎ በስልክ የሚያዝ አልነበረም። የአራስ ቤት አይል፣ የለቅሶ ቤት አይል፣ ሰተት ብሎ ይገባል። ያገኘውን ሁሉ ጉንጭና ጉንጩን ይስምና፣ "ይህችንስ ማንም አይቀድመኝም፣ ክርስትና የማነሣት እኔ ነኝ!" ይላል። ያነሣልም። የወደብ ሹሙን የካራቫስን ልጅ አነሣ፤ የዳኛውን አነሣ፤ የምክር ቤት አባሉን መንታዎች አነሣ። አንድ ሚኒስትር እንኳ በበጋ በመዝናኛ ጀልባ መጥቶ ሴት ልጁን አስነሥቶታል። እኛ ዘንድ አበልጅ ማለት ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፤ በአበልጅ ላይ አይመሰከርም፣ በር አይዘጋበትም። ሰውየው ይህን ገና በሰው ጀልባ ሎሚ ሲያመላልስ ጀምሮ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሌላው መረቡን ባሕር ላይ ሲጥል እሱ የጣለው ክርስትና ቤት ውስጥ ነው።

የጋሪፋሊያን ልጅ ማርሶንም ያነሣት እሱ ነው። የጋሪፋሊያ ባል ፎቲስ "ማሪጎ" በምትባለው የኩቭራስ አሮጌ የጭነት መርከብ ላይ ዋና መካኒክ ነበር። ማርሶ ሳትወለድ በፊት ጋሪፋሊያም ሁለት በጋ አብራው ተሳፍራለች። እዚያ ሳለች ማታ ማታ የምትሠራው አንድ ሥራ ነበራት፤ የመርከቧ መሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ከተሰቀለው፣ ከመርከበኞች ጠባቂው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ሥዕል ፊት የዘይት መብራት ታበራለች። አንድ ቀን ማዕበል መርከቧን ሲያላጋት መብራቱ ተገልብጦ የቅዱሱን ሁለት ጣቶች ለበለባቸው። ጋሪፋሊያ ተንሰቀሰቀች። ፎቲስ ግን በዘይትና በእሳት የጠቆረ እጁን ዘርግቶ፣ "ተይ አታልቅሺ፣ እሱም እንደኔ መካኒክ ሆነ ማለት ነው" ብሎ አሳቃት።

ማሪጎ የሰጠመችው በጠራራ ፀሐይ፣ ጸጥ ባለ ባሕር ላይ ነው። ከላይ የነበሩት በነፍስ አድን ጀልባ ወጡ። ከታች ሞተር ክፍል የነበሩት ስድስቱ ሳይወጡ ቀሩ፤ ፎቲስ አንዱ ነበር። ኩቭራስ ከኢንሹራንስ የመርከቧንም፣ ጭናዋለች የተባለውን ግን በዓይኑ ያየ ሰው የሌለውን የውድ ዕቃ ዋጋም ተቀበለ። የስድስቱን ፍታት በራሱ ወጪ አስደረገ። ከሟቾቹ እናቶች ይበልጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ያ እንባው ሲታወስ እስከ ዛሬ ያንገሸግሻል።

ሐሜቱ አልቀረም። በየመሸታ ቤቱ "ሆን ብሎ ነው፤ ያችን አሮጌ ቆርቆሮ ማን ይገዛት ነበር?" ይባላል። ከፒሬዎስ ከተማ አንድ መርማሪ መጣ፤ የወደብ ሹሙ ካራቫስ ዓሣ ጋብዞ፣ ወይን አጠጥቶ ሸኘው። ጋሪፋሊያም ብትሆን ሐሜቱን መስማት አልፈለገችም። "አበልጄ ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት ነው፣ ተዉኝ በቃ" ትል ነበር።

ኩቭራስ ግቢው ውስጥ ያሠራት ትንሽ ጸሎት ቤት በቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን ለሁሉም ሰው ትከፈታለች። መርከቧ በሰጠመች በዓመቱ ሕዝቡ ግጥም ብሎ መጣ። መካከል ላይ አዲስ የብር ልባስ የለበሰ ሥዕል ቆሟል፤ ከብሩ ውጭ የሚታየው የቅዱሱ ፊትና እጆቹ ብቻ ናቸው። ጋሪፋሊያ ተራዋ ደርሶ ልትሳለም ጎንበስ አለችና በዚያው ቀረች።

"ምን ሆነች? ወገቧን ያዛት እንዴ?" አለች ከኋላዋ ያለችው ሴት።

የቅዱሱ ሁለት ጣቶች የተለበለቡ ነበሩ።

"አበልጄ፣" አለች ጋሪፋሊያ ቀና ብላ፣ "ይሄ ሥዕል ከየት መጣ?"

ኩቭራስ በር ላይ ሻማ ያድላል። "ከአቴና ነው ያስመጣሁት። ምነው፣ አላማረም?"

"የማሪጎ ነው።"

"የማሪጎውማ ከማሪጎ ጋር ባሕር ውስጥ ነው። ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ፣ እኔ አበልጅሽ ልሙትልሽ።"

"ጣቶቹን ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። የገዛ እጄን ሥራ አላውቀውም?"

ካራቫስ ጣልቃ ገባ። "እመቤት፣ በዓል ላይ ነን። ነገ ቢሮዬ ብቅ በይና እንነጋገራለን።"

"ቢሮህንማ አውቀዋለሁ፣ ዓሣ ዓሣ ይላል" አለችው። አንዱ ድንገት ሳቀና አፉን በመዳፉ ከደነ። ጋሪፋሊያ ወደ ኩቭራስ ዞረች። "ና እስቲ ስታማቲስ። እጅህን ሥዕሉ ላይ ጫንና 'ያ አይደለም' በል። ካልክ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።"

ኩቭራስ ለሚኒስትር ዋሽቷል፣ ለኢንሹራንስ ዋሽቷል፣ መርማሪው ፊት በወንጌል ምሎ ዋሽቷል። እዚህም እጁን ዘረጋ። ብሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው እጁ ቆመ፤ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተውና፣ "በዓሌን አታበላሹብኝ" ብሎ ወጣ።

ባሕር ላይ ውሎ ያደረ ሁሉ ያኔውኑ ገባው። እኛ ዘንድ ሥዕል ከመርከብ አይወጣም። ቢያረጅ እንኳ ካህን ጸልዮ ሌላ ሳይተካ ማንም አይነካውም። ቦታውን ባዶ ትቶ ሥዕል የሚያወጣ፣ መርከቡ እንደማይመለስ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ኩቭራስም የደሴታችን ልጅ አይደል? ሰው ማስጠሙ አልከበደውም፤ ቅዱስ ኒቆላዎስን ማስጠም ግን ፈራ።

በማግስቱ ከማሪጎ የተረፈው መርከበኛ ዛኒስ ባርኔጣውን እያሻሸ ጋሪፋሊያ ደጅ ቆመ።

"እትዬ ጋሪፋሊያ፣ ሥዕሉን ያወረድኩት እኔ ነኝ። 'ለእድሳት ነው፣ ለማንም እንዳትናገር' ብሎኝ ነው።"

"መቼ?"

"ከወደብ ልንነሣ ስንል።"

"ፎቲስ ያውቅ ነበር?"

"እሱማ ከታች ሞተሩ ጋ ነበር። ቢያውቅ አንድ ደቂቃ አይቆይም ነበር። ከዚያ በኋላ ጌታ ኩቭራስ ሌላ መርከብ ላይ ቀጠረኝ፣ እኔም ልጆቼን ብዬ..." እንባውን በባርኔጣው ጠረገ።

"እኔ ዘንድ አታልቅስ። ሄደህ ለዳኛ ተናገር።"

ጉዳዩ ችሎት እስኪቀርብ ዓመታት ፈጀ። ሚኒስትሩ ስልክ ደወለ፤ ፋይሉ ጠፋ፤ ደግሞ ተገኘ። እስከዚያው በደሴቱ ላይ ጋሪፋሊያን ጤና ይስጥልኝ የሚላት ሰው ታጣ። ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬው ይቋረጣል፤ ስትወጣ "አበልጇን የምትበላ" ይሏታል። ይህን የሚሉት ያ እጅ ኪስ ሲገባ በገዛ ዓይናቸው ያዩት ሰዎች ናቸው! ልጇ ማርሶም ከነሱ ወገን ሆነች። "እማዬ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ፣ የታመምኩ ጊዜ አቴና የወሰደኝ እሱ። አሁን አንቺ ብታሳስሪው በዚህ ደሴት ማን ቀና ብሎ ያየኛል?" ብላ ልብሷን ሰብስባ አክስቷ ቤት ገባች። ጋሪፋሊያ ባሏን ባሕር ወስዶባት ነበር፤ አሁን ደግሞ ልጇን ኩቭራስ ሊወስድባት ነው። ያም ሆኖ ክሱን አልተወችም።

ፒሬዎስ ላይ ችሎቱ ሲሰየም የደሴቱ ሰው በኩቭራስ ወገን ሞልቶ ተቀመጠ። ማርሶ ከክርስትና አባቷ ጀርባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። በጋሪፋሊያ በኩል የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ዛኒስ ያደረገውን አንድ በአንድ ተናገረ። ዳኛው ወደ ጋሪፋሊያ ዞረው፣ "አንቺስ የምትጠይቂው አለ?" አሏት።

ተነሣች። ፊቷንም ወደ ኩቭራስ አዞረች።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ስታማቲስ። ሥዕሉን ለማውረድ ሰው አዘሃል። ያንኑ ሰው 'ውረድና ፎቲስን፣ ዛሬ አትሂድ በለው' ብትለው ምን ነበረበት? ታሟል ይባላል፣ ሚስቱ ፈልጋዋለች ይባላል። ሌሎቹንም እንደዚሁ። ረስተሃቸው ነው?"

ጠበቃው ክንዱን ያዘው፤ ኩቭራስ ግን አራገፈው። ሂሳብ ለማይገባው ዘመድ እንደሚያስረዳ ሰው ለዘብ ብሎ፣ ትንሽም ሰልችቶት መለሰላት።

"ምን ነካሽ አበልጄ! ሥዕል ቢጎድል ማን ልብ ይለዋል? ሞተር ክፍሉ በሙሉ 'ታመምኩ' ብሎ ቢቀር ግን ኢንሹራንሱ አይጠረጥርም? ሰው ያልሞተበትን መስጠም ማን ያምናል?"

ጠበቃው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዳኛው ያጎነበሱበትን ወረቀት ትተው ቀና አሉ። ኩቭራስ ምን ብሎ እንደተናገረ ለራሱ የገባው የደሴቱ ሰው ዓይኑን ከእሱ ሲያሸሽ ነው፤ ያን ዕለት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት እንኳ ያን ያህል ፊቱን አላጠቆረውም።

ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ማርሶ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከደሴቱ ሰው መካከል ወጣች፤ ወለሉን አቋርጣ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ እሱ እኮ አልረሳቸውም" አለች።

"አልረሳቸውም" አለች ጋሪፋሊያ።