ለታጋሹ የተቋጠረ ስንቅ

ዳቦ ቆሎ ሲጠበስ የሚሸተው ሽታ ለሌላው ሰው የመንገድ ወይም የበዓል ሽታ ነው። ለእኔ ግን የቤዝቦል ሽታ ነው። ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ! ያደግሁት ሜስኪት በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ነው፣ ያሳደገኝ ደግሞ የደሴ ሰው። ሁለቱ ሲገናኙ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ እኔና አባዬ ብቻችንን ነበርን። እናቴ ገና ዳዴ ሳልል ነው ያረፈችው፤ ዲቪ ሲደርሰው አባዬ እኔን ብቻ ይዞ መጣ። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ ገና ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ ቁልፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ባዶ አፓርታማ እገባለሁ። ፍሪጁ ሲያጉረመርም እንኳ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባዬ ቤዝቦልን የለመደው ከመኪናው ሬዲዮ ነው። ሕጉ እስከ ዛሬ በወጉ አልገባውም፤ የገባው ሰዎቹ ናቸው። ስማቸው ለምላሱ አልመች ስላለው ለሁሉም ስም አወጣላቸው። ረጅሙ ፒቸር፣ ኳስ ወርዋሪው፣ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ከዳኛ ጋር የሚጨቃጨቀው ደግሞ በርበሬ። የካቲት ሲጋመስ ጋዜጣው የአዲሱን ሲዝን ሮስተር፣ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር፣ ሲያወጣ፣ አባዬ ከሥራ ይዞት ይመጣል። ከዚያ አፓርታማችን ፊት ፓርክ ያደረገው መኪና ውስጥ ሂተሩን ከፍተን ቡድኑን እንቀበላለን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ስም ያወጣል።

ግን ሕግ ነበረው። «የሄደ ሳይሸኝ የመጣ አይቀበሉም» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የማነበው አምና የነበሩትን፣ ዘንድሮ የሌሉትን ነው። ለእያንዳንዱ አባዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «የሄድክበት ይቅናህ፣ ክፉ አይይህ፣ አገሩ ይልመድህ» ብሎ ይመርቃል። እኔ «አሚን» እላለሁ። አንዱን ለሌላ ቡድን ሰጥተው በምትኩ ሌላ ወሰዱ፣ ትሬድ አደረጉት ብዬ ስነግረው፣ «ሰው ትሬድ ይደረጋል እንዴ? አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ያንን ልጅ ከሁሉም አስረዝሞ መረቀው።

እኔ የምወደው ታጋሹን ነበር። ታጋሹ ተጠባባቂ ካቸር ነው፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ዋናው ሰው ሲደክመው የሚገባ። ሌላውን ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በየዓመቱ ይቀነሳል ሲባል ለጥቂት ይተርፋል። የላይኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ማሪሶል የምትባል የሜክሲኮ ልጅ ነበረች፤ እሷም ታጋሹን ትወዳለች። ከፓርኪንጉ ጥግ እሷ ትወረውራለች፣ እኔ ቁጢጥ ብዬ በክረምት ጓንት እቀበላለሁ። ከእሷ በቀር ጓደኛ አልነበረኝም፣ ማንም።

በገና እረፍት አንድ ቀን በራቸውን ባንኳኳ የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ከፈተልኝ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ምንጣፉ የታጠበበት ሳሙና ይሸታል። የቤት ኪራይ ሊዛቸው አለቀ፣ ሄዱ አለኝ። ወዴት እንደሆነ አያውቅም። እኛ ሰፈር ሰው የሚሄደው እንደዚያ ነበር፤ ዛሬ አለ፣ ነገ በእሱ ቦታ ሌላ መኪና ይቆማል። አላለቀስኩም። ለአባዬም አልነገርኩትም፣ ደክሞት ነው የሚገባው። በልቤ ብቻ ለራሴ ምልክት አደረግሁ፦ ታጋሹ ዘንድሮም ቡድኑ ውስጥ ከቀረ ማሪሶል ተመልሳ ትመጣለች። ከትምህርት ቤት ስመለስም መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቃት ጀመር።

የካቲት ላይ የታጋሹ ስም ሮስተሩ ውስጥ ነበረ። ግን ለልምምድ የተጠራ ሁሉ ቡድኑ ውስጥ አይቀርም፤ ሲዝኑ ሊከፈት ሲል ይቀንሳሉ። አንድ ጠዋት አባዬ ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ሬዲዮው ስሙን ጠራና ተሰናበተ አለ። አባዬ መሪውን በመዳፉ መታ። «ምነው! አንድ ሽማግሌ እንኳን አይላክም?» አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ማን ምን እንዳለ አላውቅም።

ዕረፍት በሆነበት ቀን አባዬ በጠዋት ተነስቶ ሊጥ አቦካ። ዳቦ ቆሎ ሊጠብስ ነው። ለማን ነው ስለው፣ «ለታጋሹ ነዋ! ልምምዱ አሪዞና አይደል? ሰው ከሥራው ሲሰናበት ዕቃውን ሊወስድ ቤቱ ይመለሳል። የሚያርፈው ደግሞ እኛ ኤርፖርት ነው። ባዶ እጁን ይሂድ?» አለኝ። ኳስ ተጫዋች በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ሂያጅ ስንቅ እንደሚቋጠርለት ብቻ ነው። እኔም አመንኩት።

ከአሪዞናዋ ከፊኒክስ የመጣው በረራ ሻንጣ በሚወጣበት ቆመን ጠበቅን። ሌላም በረራ መጣ። በመጨረሻ አንድ ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ሰውዬ ብቅ ሲል አባዬ ፈጥኖ ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዳቦ ቆሎውን በሁለት እጁ አቀረበለት። ሰውዬው ማተሚያ ማሽን የሚሸጥ ነጋዴ ኖሯል። ግራ ገብቶት አየን፣ ግን አልናቀንም፤ አንድ ጭብጥ ዘግኖ፣ አመስግኖ ሄደ። ሳቃችን መጣ። ታጋሹ ግን አልመጣም።

አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስንቁን ራሳችን መብላት ጀመርን። አባዬ እየቆረጠመ፣ «መቼም ሳይሸኝ የሄደ ሰው ያንገበግባል። ሌላስ ሳንሸኘው የሄደ አለ?» አለኝ። እንዲያው ለወጉ ነው የጠየቀው። እኔ ግን ማሪሶል አልኩና ያን ሁሉ ወር የዋጥኩት ለቅሶ ገነፈለ። ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ነው ያለቀስኩት። አባዬ አቅፎኝ ቆየና ያን ሁሉ ሻንጣ ጎታች ከምንም ሳይቆጥር እጁን ዘረጋ። «ማሪሶል ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ አገሩ ይልመድሽ፣ እንዳንቺ ያለ ጓደኛ ይስጥሽ» አለ። አሚን አልኩ። ማሪሶል ተመልሳ አልመጣችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መስኮት ላይ ቆሜ መጠበቁን ተውኩ።

አሁን ከሜስኪት ብዙም በማይርቀው ፕሌኖ ነው የምኖረው፤ ቢሮዬም እዚያው ነው። ቡድኑ ጣሪያ ያለው ስታዲየም ገብቷል፣ ሮስተሩም በጋዜጣ ሳይሆን በስልክ ነው የሚመጣው። አባዬ ባለፈው መስከረም ደሴ ገባ። ታላቅ እህቱን ጉልበቷ ከድቷት ነበርና፣ «ወንድም እያላት ለብቻዋ አትንገላታ» አለ። እኔም ስንቅ አዘጋጅቼለት ነበር፤ ግማሹን ያሳረርኩት ዳቦ ቆሎ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዊልቸር የገፋበት ኤርፖርት በር ላይ ፌስታሉን ተቀበለኝ፣ አንድ ጭብጥ ኪሱ ጨመረና የቀረውን መልሶ ሰጠኝ።

«ሂያጅማ አውሮፕላኑ ያበላዋል» አለኝ። «የሚርበው የሚቀረው ነው።»

ሰሞኑን ሮስተሩ ወጣ። አምሽቼ ከሥራ ስወጣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬን ሳላስነሳ፣ አባዬን ኮል አደረግሁት፤ ደሴ ሌሊቱ ሊነጋጋ ነውና ለሱብሂ ሶላት ተነስቷል። የሄዱትን አንድ በአንድ አነበብኩለት። አንድ በአንድ መረቃቸው። ያኔ በሁለት ሰው ትንፋሽ የሚደበዝዘው የመኪና መስታወት ዘንድሮ ጥርት እንዳለ ነው። የሄዱት ሲበዙበት አባዬ ደነገጠ።

«ኧረ ልጄ፣ ሁሉም ሄዱ እኮ! ታዲያ ማን ቀረ?»

«እኔ» አልኩት።

 አባዬም «የቀረሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ አገሩ ይልመድሽ» ብሎ እንደ ሂያጅ መረቀኝ። አሚን አልኩ። መኪናው ውስጥ ከእኔ ሌላ አሚን የሚል አልነበረም።