ለግራ እጅ የተገለበጠች ቫልቮላ

አባቴ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ካሳራኒ ሰፈር በተከራየነው ቤት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከያዘው በኋላ ግን የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ደህና ሳለ ከጊኮምባ ገበያ የገዛት የሞዴል አውሮፕላን ሞተር አልጋው ሥር ተቀምጣለች፤ ቡጢ አታህልም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በገዛ እጁ ሊያስነሳት።

ችግሩ እጁ ነው። ሞተሯ የምትነሳው ፕሮፔለሯ በቀኝ እጅ ጣት ተመትቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ነው። ግራ እጅ ደግሞ የሚቀናው በተቃራኒው መምታት ነው።

ፈታኋት። ቫልቮላዋ ከሞተሯ ኋላ ያለች፣ ጠርዟ በአንድ በኩል የተቆረጠ ቀጭን ክብ ብረት ናት፤ ከዘንጉ ጋር አብራ ትዞራለች። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ክፍል ይስባል፤ ያኔ የተቆረጠው ቦታ ከመግቢያው ቀዳዳ ፊት ይደርስና አየርና ነዳጅ ያስገባል። ፒስተኑ ሲወርድ ድፍኑ በኩል ቀዳዳውን ይዘጋል። የገባው ተመልሶ መውጫ ስለሌለው በጎን ባለው ቦይ ወደ ላይ ይሄዳል። ብረቷ ተገልብጣ ከተገጠመች የምትከፍትበትና የምትዘጋበት ጊዜም አብሮ ይገለበጣል፤ ሞተሯም በተቃራኒው ብቻ ትዞራለች።

ገለበጥኳት። ለአባቴ አልነገርኩትም።

በረንዳው ላይ ከጣውላ ጋር በብሎን አሰርኳት፤ ካንዴላዋን በባትሪ አግዬ ወንበሩን ከፕሮፔለሯ ፊት አስጠጋሁለት። መታ። ዝም። ደግሞ መታ።

«ልጄ፣ ባታደክመው ምናለ?» አለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ።

«አንቺ ደግሞ! ጄት ሳስነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ» አላት፣ ምላሱ እየተጎተተ።

እንደገና ሲመታ ያዘች። በረንዳው በጩኸት ተሞላ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን «ኬሌሌ!» እያለች ስለ ጩኸቱ ተቆጣች። አባቴ ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ የፕሮፔለሯ ነፋስ ፊቱን መታው። ነዳጁ ውስጥ ያለው የጉሎ ዘይት የሚሸተው ነፋስ ወደ ሞተሯ ኋላ መሄድ ሲገባው ወደ እሱ ይመጣል። ሳቁ ቆመ። የነዳጁን ቱቦ ቆንጥጦ አጠፋት።

«ገልብጠሃታል።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ለዚህ ብለህ ነው» አለና ቀኝ እጁን በግራው ከጭኑ ላይ አንስቶ አሳየኝ። ለቀቀው። ወደቀ።

«እንደነበረች መልሳት።»

የዚያኑ ቀን መለስኳት። አቧራ እንዳይገባት መግቢያዋን በጨርቅ ደፍኜ አልጋው ሥር አስቀመጥኳት። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አምጣት አላለኝም።