የአበልጄ ሽጉጥ

የወንድሜ ልጅ በቀደም ከደጀን መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «አክስቴ፣ አንድ ሽጉጥ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። ሻጩ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። «አይዞሽ፣ የራሴ ሰው ነው። ባይሆንማ በዚህ ዋጋ ማን ይሰጠኛል?» አለ። ይህን ሲል ደሜ ፈላ። ተቀመጥና ስማኝ ብዬ ጀመርኩለት፤ ግማሹን ሰምቶ መኪና ያመልጠኛል ብሎ ተነሣ። የዛሬ ልጅ ነገር ከሥሩ አይሰማም። አባቴ የድጓ መምህር ስለነበሩ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ ነው ያደግኩት፤ እንግዲህ ያልሰማውን ግማሽ ከሰማው ጋር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን እኔ ከአምበር ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የአንድ ልጅ እናት ነበርኩ። ባሌ ለጣሊያን አልገብርም ብሎ ጫካ ገብቶ ነበር። በቤታችን የነበረችውን አንዲት ምንሽር ይዞ ሄደ። እኔ ከልጄ፣ ከሁለት በሬዎችና ከአንዲት ጊደር ጋር ቀረሁ። ለጣሊያን ያደሩት ባንዶች የገዛ አገራችን ሰዎች ነበሩ፤ ማን የማን ሚስት እንደሆነች ያውቃሉ። በጠራራ ፀሐይ መጥተው «የሽፍታ ሚስት» እያሉ ዶሮውንም ማሩንም ያነሣሉ። እሱን ችዬው ነበር። የማልችለው ሌላ ነበር። ባሌ ልጁን ሊያይ ሲመጣ ጠመንጃውን ይዞ ሜዳውን መሻገር አይችልም፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሩቅ ይታያል። ደግሞም ጓደኞቹ መሣሪያ ስለሚያጥራቸው ወደ ቤት የሚሄድ ሰው የራሱን ለሌላ ትቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዱላ ብቻ ይዞ፣ ገበያተኛ መስሎ ይመጣል። በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ባዶ እጁን ቤቱ ውስጥ ቢያገኙትስ?

ጠመንጃ ልግዛ ብል ምንሽር ሁለት በሬ ይጠይቃል። በሬዎቹን ሸጬ በምን ላርስ ነው?

አበልጄ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የቁይ ሰው ነው፤ በቅሎ ይነግዳል፤ ደብረ ማርቆስም ደጀንም ይመላለሳል። ልጄን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣው እሱ ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ አገር አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። ወንድምህን በርስት ትከሰዋለህ፤ አበልጅህን ግን አትከሰውም። በአበልጅህ ቤት ያየኸውን ሌላ ቦታ አታወራም። ያን ጊዜ «እርስዎ» ነበር የምለው። ዛሬ እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ ስጽፈው ቅር አይለኝም።

መደብ ላይ ተቀምጦ ከጋቢው ሥር አንድ ሽጉጥ አወጣ። ጥቁር፣ እጀታው ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለበት፣ የሚያምር ነገር ነበር።

«የጣሊያን መኮንን የታጠቀው ነው» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ጥሩ በሬ ይከፍልበታል። አንቺ ግን አበልጄ ነሽ፤ ያችን የከበደች ጊደር ስጪኝና ውሰጂው።»

«ኧረ አበልጄ፣ ተበደልኩ እንዳይሉ» አልኩት።

«ለክርስትና ልጄ አባት መከታ ነው የሚሆነው። ምን በደል አለበት?»

ሦስት ጥይት አብሮ ሰጠኝ። እኔ ገበያ የማውቅ ሴት ነኝ። እንስራ ስገዛ በጣቴ አንኳኩቼ ድምፁን ሳልሰማ አልገዛም፤ ስንጥቅ ያለበት እንስራ ድምፁ የታፈነ ነው። አህያ ስገዛ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ። የአምበር ሸክላ ሠሪዎች ከሩቅ ሲያዩኝ «ያቺ አንኳኪዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስለዚህ ሽጉጡንም ወደ ገደሉ አፍ ወስደን አንዲት ጥይት ብንተኩስበትስ አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ሽጉጡን ከእጄ ወስዶ መልሶ ወደ ጋቢው ሥር ሊከተው ጀመረ።

«አበልጅ በአበልጁ ላይ ይሞክራል?» አለኝ። «ባንዳው ጥይት ሲሰማ ሊመጣብሽ፣ ያሉሽም ሦስት ጥይቶች ሊያንሱብሽ፤ ይህ ሁሉ ምን ይሁን ተብሎ ነው? እኔን ለመጠርጠር? በይ ተዪው፤ ሌላ ቦታ ግዢ።»

አፈርኩ። ከአበልጅ የተገዛ ነገር አይሞከርም፤ ቢሞከር «አታላይ ነህ» ብሎ ፊት ለፊት መስደብ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ያገራችን ሰው አይደለም። «ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ አልኩ። እሱም «ክርስትና ባነሣሁት ልጅ እምልልሻለሁ፤ ይህ ሽጉጥ አያሳፍርሽም» አለኝ። ያን መሐላ ሰምቶ የሚጠራጠር ማን ነው? ጊደሯን በገመድ ይዞ ሲወጣ ልጄ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘው።

እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልዬ ከመደቡ ራስጌ አስቀመጥኩና ለባሌ በአንድ መነኩሴ በኩል ላክሁበት፤ «ቤትህ መሣሪያ አለ፤ ባዶ እጄን ነኝ ብለህ አትፍራ፤ ለፋሲካ ና» አልኩት። ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ አልመጣም ነበር። «እመጣለሁ» የሚል መልስ ደረሰኝ።

በሕማማት ሳምንት አበልጄ በደጃችን ሲያልፍ ጎራ አለ። «አበልጄስ ለፋሲካ አይገባም?» ብሎ ስለ ባሌ ጠየቀኝ። ይገባል አልኩት። ለምን አልልም? የልጁን ክርስትና አባት ለፋሲካ መጥራት የእኔ ግዴታ ነው፤ መጥቶ መብላትም የሱ ግዴታ ነው። እንዲያውም በበዓሉ ዕለት ረፋዱ ላይ እንዲመጣ ለመንኩት።

ባሌ በፋሲካ ዋዜማ ገባ። ከስቶ ነበር፤ ጢሙ አድጎ ልጁ ፈራው። ሽጉጡን ሳሳየው ግን ፊቱ በራ። እያገላበጠ አየው፣ ጥይቶቹን አስገባ። «ለመሆኑ ሞክረሽዋል?» አለኝ። ከአበልጃችን ነው የገዛሁት አልኩት። «እህ፣ እንዲያ ከሆነማ» አለና በጋቢው ሥር ታጠቀው። እሱም እንደ እኔ ያገሩ ሰው ነበር።

በማግስቱ አበልጃችን መጣ፤ ተሳሳሙ። ዶሮውን አቀረብኩ። ባሌና እሱ በአንድ መሶብ ተቀምጠው፣ ልጄ በሁለቱ መሃል ሆኖ ይበላሉ። ጠላ ልጨምር ብዬ ስነሣ ውሻው ጮኸና ወዲያው ዝም አለ። ባንዶቹ በሩን በእግራቸው ገፍተው ገቡ፤ አምስት ወይም ስድስት ይሆናሉ።

ባሌ ዘሎ ተነሣ። ሽጉጡን መዝዞ ከፊት የቆመውን ባንዳ ደረቱ ላይ አነጣጠረና ቃታውን ሳበ።

ቀጭ አለ። ሌላ ድምፅ የለም። ደግሞ ሳበ፤ አሁንም ቀጭ።

ሽጉጡ ሲመዘዝ ባንዶቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ መሬት ላይ ወድቀው ነበር። እኔ ልጄን አቅፌ ከምሰሶው ሥር ተደፍቻለሁ። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ግን ባንዶቹን አልነበረም። አበልጄን ነው ያየሁት። ከመሶቡ አልተነሣም። አልጎነበሰም። የጠቀለለውን ጉርሻ በእጁ እንደያዘ፣ ሰው መኪና እስኪያልፍለት እንደሚጠብቅ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ያልደነገጠው እሱ ብቻ ነበር።

ባሌን አስረው ወሰዱት። አለቃቸው ሽጉጡን አንሥቶ ወደ ጣሪያው ቃታውን ሳበና ሳቀ፤ «ልጅሽ ይጫወትበት» ብሎ ከነጥይቱ ወደ አመዱ ወረወረልኝ። ባሌን ደብረ ማርቆስ ወሰዱት አሉ፤ ረሸኑት ያሉኝም፣ ሰቀሉት ያሉኝም አሉ። ሬሳውን ግን አልሰጡኝም። ተዝካሩን የቀበርኩት ሰው ሳይኖረኝ አወጣሁ።

ከባሌ ጓደኞች አንዱ ለልቅሶ መጥቶ ሽጉጡን ፈታው። ጥይቱን የሚወጋው መርፌ ጫፉ በሞረድ ተሞርዶ እንደ ጥፍር ተስተካክሏል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ተተኩሶ ካልሆነ በቀር አይታወቅም አለኝ። እኔም የጉርሻውን ነገር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ሲወጣ ግን «ያዘንሽ ነሽና ያየሽውን በደንብ አላየሽው ይሆናል» አለኝ። ሌሎቹም እንዲሁ አሉ። አበልጅ እንዴት ይህን ያደርጋል? እሱም ሲገዛው ተታልሎ ይሆናል አሉኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል በአፋቸው ይሉታል፤ ሲወድቁ ያዩትን ሰው ግን አያምኑም። ጥፋቱ ሳትሞክሪ መግዛትሽ ነው ያሉኝም ነበሩ። አይደለም። ያመነ ሰው ጥፋተኛ ከሆነ እንግዲህ ያታለለው ምን ሊባል ነው?

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አበልጄ ሽማግሌ ላከብኝ። ዕርቅ ይፈልጋል፤ ክርስትና ልጁ ናፍቆታል አሉኝ። ይምጣ አልኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ ትልቁ የእኔን አባት ያስተማሩ አዛውንት ነበሩ። እንጀራ አቀረብኩ፤ ዕርቅ ሳይወርድ አይቆረስምና ተከድኖ ተቀመጠ።

አበልጄ ተነሥቶ ማለ። «ያ ሽጉጥ ስሸጥላት ደህና ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ደህና ነው። ጥይቱ እርጥበት ነክቶት ይሆናል። ክርስትና ባነሣሁት ልጅ!» አለና ተቀመጠ። ልጄ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

ሁለተኛ በልጄ ሲምል ልታገሠው አልቻልኩም። ጓዳ ገብቼ ሽጉጡን አመጣሁ። ጥይቶቹን በሽማግሌዎቹ ፊት አንድ በአንድ እያሳየሁ አስገባሁ። «አባቶቼ፣ ጥይቶቹ ከዚያ ወዲህ በምድጃ ዳር ነው የከረሙት፤ እርጥበት የላቸውም። መሣሪያውም ደህና ነው ብለው ምለዋል፤ ሰምታችኋል» አልኩ። ከዚያ ዘወር ብዬ በአበልጄ ግንባር ላይ አነጣጠርኩና ቃታውን ሳብኩ።

ሽማግሌዎቹ «በስመ አብ!» ብለው ከመደቡ ወደቁ። አንደኛው የጠላውን ማሰሮ ደፋው። ልጄ ጮኸ። ቀጭ አለ።

አበልጄ እንደተቀመጠ ነበር። ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም።

ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን አራገፉ። እኔን የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡኝም። ወደሱ ዞሩና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኛ ሁላችን ስንወድቅ አንተ ለምን አልደነገጥክም?» አሉት።

ላብ ግንባሩ ላይ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ሽጉጡን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። እኔን አላየኝም።

«አበልጅ በአበልጇ ላይ አትጨክንም ብዬ አምኜ ነዋ» አለ።

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ። «እሷም ሳትሞክር ከአንተ የገዛችው እንዲሁ ብላ አምና ነው» አሉና ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እንጀራው ሳይቆረስ ቀረ።